የዊሊስ ኤምቢ ጂፕ ጥገና፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፦ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ መለየት

ተሽከርካሪው የተገዛው በሜሪላንድ ግዛት፣ ከባልቲሞር በስተሰሜን ካለ የእርሻ መጋዘን ሲሆን ዋጋው 6,200 ዶላር ነበር። ሻጩ «የ1943 ዊሊስ ነው» ከማለት በቀር ስለ ታሪኩ የሚያውቀው አልነበረም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና የታሪክ ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሩ ሳይነሣ ብዙ ዓመታት አልፈውታል፤ የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም ሳይቋቋም ወለሉ ላይ ያርፋል፤ በሾፌሩ በኩል ያለው የወለል ላሜራ ደግሞ በዝገት ተበልቶ ከሥሩ መሬቱ ይታያል።

አንድም ብሎን ከመፍታቴ በፊት ማወቅ የፈለግሁት የትኛው ክፍል ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ 640,000 የሚጠጉ ጂፖች ሲመረቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኦሃዮ ግዛት ቶሊዶ ከተማ ከሚገኘው የዊሊስ ኦቨርላንድ ፋብሪካ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ከፎርድ የወጡ ናቸው። ፎርድ በ1941 መጨረሻ ውሉን ሲቀበል የዊሊስን ንድፍ ተከትሎ እንዲሠራና የሁለቱ ተሽከርካሪዎች ክፍሎች እርስ በርስ እንዲተካኩ ስምምነት ተደርሶ ስለነበር፣ በጦር ሜዳ ጋራዦች የአንዱ ሞተር በሌላው ሻንሲ (የተሽከርካሪው የብረት አጽም) ላይ መታሰሩ የተለመደ ነበር። በዚህም ምክንያት ዛሬ የሚገኙት አብዛኞቹ ጂፖች ቅልቅል ናቸው።

ለመለየት የሽቦ ብሩሽና የእጅ ባትሪ በቂ ናቸው። የሻንሲው የፊት ማገር ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፤ ፎርድ በዚያው ቦታ የሚጠቀመው ታጥፎ ማዕዘን የወጣለት ብረት ነው። የእኔው ክብ ቱቦ ነው። በሞተሩ ቀኝ፣ ከዘይት ማጣሪያው ኋላ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለው ቅባት ሲጠረግ ቁጥሩ የዊሊስ ሞዴል መለያ በሆኑት «ኤምቢ» በሚሉት ፊደሎች የሚጀምር ሆኖ ተገኘ። የግራውን የፊት ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) ያሰሩት ብሎኖች ግን ጭንቅላታቸው ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ተቀርጾባቸዋል፤ ፎርድ የራሱን ሥራ ለመለየት በትንንሾቹ ብሎኖች ላይ ሳይቀር ይህን ምልክት ያደርግ ነበር። ከፊት ያለው ዘጠኝ ክፍተት ያለው የራዲያተር መከላከያም መነሻው ፎርድ ነው፤ ዊሊስ መጀመሪያ ላይ ይሠራው የነበረው በተበየዱ የብረት ዘንጎች ሲሆን፣ ከአንድ ላሜራ ተጨፍልቆ የሚወጣው የፎርድ መከላከያ ይበልጥ ቀላልና ርካሽ ስለነበር በ1942 ዊሊስም ተቀብሎታል።

የፎርዱ ፓራፋንጎ በቦታው እንዲቆይ ወስኛለሁ። ጦሩ ራሱ የሚያቀላቅለውን ተሽከርካሪ «ንጹሕ ዊሊስ» ለማድረግ ሲባል ጤነኛ ክፍል ማውጣት ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ኅዳር፦ መፍታትና መመዘን

የሚፈታው ክፍል ሁሉ በተንጠልጣይ ሚዛን እየተመዘነ በሠንጠረዥ እየተመዘገበ ነው። ይህን የማደርገው የጂፕ ታሪክ ከሁሉ በላይ የክብደት ታሪክ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1940 ክረምት ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ ሲያቀርብ የጠየቀው አራቱም እግሩ የሚነዳ፣ ነገር ግን ከ1,300 ፓውንድ ማለትም ከ590 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ተሽከርካሪ ነበር፤ የመጀመሪያው ናሙናም በ49 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ይፈልግ ነበር። ለጥሪው መልስ የሰጡት ባንታምና ዊሊስ ብቻ ሲሆኑ በተጠየቀው ጊዜ አደርሳለሁ ያለው በፔንሲልቬንያ በትለር ከተማ የነበረው ትንሹ የባንታም ፋብሪካ ነው። መሐንዲሱ ካርል ፕሮብስት ሐምሌ 17 ሥራ ጀምሮ ንድፉን በሁለት ቀን ገደማ ጨረሰ፤ ክብደቱን ሲያሰላው ግን ከ1,800 ፓውንድ በላይ ሆነበት። በጨረታው ሰነድ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከወሰኑ በታች ነበር፤ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ በዚያ ክብደት ሊሠራ እንደማይችል ለመሐንዲሶቹ ግልጽ ሳይሆን አልቀረም። ናሙናው መስከረም 23 ቀን 1940 የቀነ ገደቡ ሰዓት ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ባልቲሞር ዳር ካለው የሆላበርድ የጦር ሰፈር ደረሰ። ያ ቦታ ከጋራዤ ሩቅ አይደለም።

ይህ ጥድፊያ ዛሬ ጂፑን ለሚፈታ ሰው በቀጥታ ይጠቅመዋል። ፕሮብስት አዲስ ነገር የመፈልሰፊያ ጊዜ ስላልነበረው በገበያ ላይ ያሉትን ክፍሎች ሰበሰበ፤ የፊትና የኋላ አክስሉ ከስፓይሰር፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከዋርነር፣ ሞተሩ ከኮንቲኔንታል መጡ። ዊሊስም የስፓይሰርን አክስልና የዋርነርን ካምቢዮ ይዞ ስለቀጠለ፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ኩሽኔታዎቹና የዘይት መከላከያዎቹ አብዛኛዎቹ በመደበኛ ልክ ይገኛሉ። እስካሁን ያዘዝኳቸው ኩሽኔታዎች በሙሉ 310 ዶላር ብቻ ፈጅተዋል።

በመፍታቱ ሥራ ያስቸገረው የግራ ጎማዎቹ ዳዶ ነበር። በዚህ ተሽከርካሪ የግራ ጎማዎች ጥርስ በተቃራኒው የሚፈታ ሲሆን በብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል ይገኛል። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ይህን ባለማየቱ ለመፍታት እያሰበ አጥብቋቸው ሁለቱን ቆርጧቸዋል። ሌሎቹን በጋዝ እሳት አሙቄ፣ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ቀብቼና አሳድሬ በረጅም ቁልፍ ፈትቻቸዋለሁ። ቸርኬዎቹን በተመለከተ ለሌሎች የምለው አለ፦ የጦር ቸርኬው ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጣመረ ስለሆነ፣ ነፋሱ በሙሉ ሳይወጣና የቫልቩ ልብ ሳይነቀል የማጣመሪያውን ዳዶ መንካት ሕይወት ያሳጣል።

ታኅሣሥና ጥር፦ ወለሉ

ብዙ ጊዜ የወሰደው ሥራ ይህ ነው። የቀድሞው ጠጋኝ በዛገው ወለል ላይ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ደርቦ በይዶበታል። ድርቡ ተቆርጦ ሲወጣ 31 ኪሎ ግራም መዘነ፤ ዝገቱም ከሥሩ ተደብቆ ሥራውን ቀጥሎ ኖሯል። ብየዳውን በግራይንደር ስስ እያደረግሁ መልቀቅ የነበረብኝ ሲሆን፣ ሥራው ቀስ ብሎ ካልተሠራ በድርቡ ሥር ያለውን ጤነኛ ላሜራ ይበላል።

የዝገቱ ምንጭ ከወለሉ በታች በርዝመት የተዘረጉት የላሜራ ቦዮች ናቸው። ፋብሪካው በእነዚህ ቦዮች ውስጥ ለማጠንከሪያ እንጨት አስገብቶባቸዋል። ውኃ ከገባ በኋላ እንጨቱ ይጠጣዋል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። በእኔው ላይ የተገኘው እንጨት በጣት ሲነካ እንደ ጭቃ የሚፈርስ ሆኖ ነበር፤ ብረቱም በመዶሻ ጫፍ ቀለል ብሎ ሲመታ ይበሳል። ያም ሆኖ በቦዩ ጥግ እርጥበት ያልደረሰበት ትንሽ ቦታ ላይ የመጀመሪያው የወይራ ቀለም ሳይለወጥ ተገኝቷል፤ ለቀለም ቅንብር ናሙና ይሆነኝ ዘንድ ያን ቁራጭ በፕላስቲክ አሽጌ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የተበላውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በቁራጭ መተካት ነበር። አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው ጋር ሲበየድ ሙቀቱ አሮጌውን እየበሳው ስላስቸገረ፣ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ ቆርጬ የሾፌሩን በኩል ወለል በአንድ ሉህ ለመተካት ተገደድኩ። የተጠቀምኩት 1.2 ሚሊሜትር ላሜራ ነው። ብየዳው በነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘለለ የተሠራ ሲሆን፣ ላሜራው እንዳይጣመም በየነጥቡ መካከል እንዲቀዘቅዝ ይጠበቅ ነበር። በቦዮቹ ውስጥ እንጨት አልመለስኩም፤ ውስጣቸውን በዚንክ ቀለም ቀብቼ ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳ ትቼላቸዋለሁ። ይህ ከዋናው አሠራር የራቅሁበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንጨቱን መመለስ ማለት ዝገቱን ከነምክንያቱ መመለስ ነው። ላሜራ፣ የብየዳ ሽቦና ጋዝ፣ ቀለም ተደምሮ 740 ዶላር።

የካቲት፦ ሞተሩ

ከባንታም ቀጥሎ ዊሊስና ፎርድም የየራሳቸውን ናሙና ለጦሩ አቅርበው ነበር፤ ዊሊስ ይህን ውድድር ያሸነፈው በሞተሩ ነው። ዋና መሐንዲሱ ዴልማር ሩስ የኩባንያውን አሮጌ 48 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለዓመታት አሻሽሎ 60 አድርሶት ስለነበር፣ የባንታም 45፣ የፎርድ የትራክተር ሞተርም ከእርሱ ያነሱ ነበሩ። ችግሩ ሞተሩ ከባድ መሆኑ ነው። ጦሩ የክብደቱን ወሰን ወደ 2,160 ፓውንድ ከፍ ቢያደርግም የዊሊስ ናሙና አሁንም ያልፍ ነበርና፣ ሩስ ሞተሩን ከመቀየር ይልቅ ተሽከርካሪውን ፈታትቶ ከእያንዳንዱ ክፍል ቅንጣት እየቀነሰ፣ የረዘሙ ብሎኖችን እያሳጠረ፣ የቀለሙን ውፍረት ሳይቀር እያሰላ ከወሰኑ በታች እንዳወረደው ይነገራል። በሐምሌ 1941 የ16,000 ተሽከርካሪዎች ውል ለዊሊስ የተሰጠ ሲሆን የአንዱ ዋጋ 739 ዶላር ገደማ ነበር። 31 ኪሎ ድርብ ብረት ከወለሉ ላይ ሳወጣ በአእምሮዬ የነበረው የእነዚያ ሰዎች ድካም ነው።

ባንታም ግን ንድፉን ያመጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ጦሩ ሥዕሎቹን ለሁለቱ ትላልቅ ኩባንያዎች፣ ለዊሊስና ለፎርድ፣ ካሳየ በኋላ ከ3,000 ያነሱ ጂፖች ሠርቶ ከዚህ ሥራ ወጣ፤ የጦርነቱን ቀሪ ጊዜ ያሳለፈው በጂፕ የሚጎተቱ ተሳቢዎችን እየሠራ ነው። ይህን ፍርድ ዛሬም ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘውም።

ወደ ሥራው ስመለስ፦ ሞተሩ 2.2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ሲሆን ቫልቮቹ በቴስታታው (በሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ ሳይሆን በብሎኩ ጎን የተተከሉ ናቸው። ቴስታታው ሲነሣ ሦስተኛው ሲሊንደር ዝጎ ፒስተኑ ተጣብቆ ተገኘ። ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅዬ ለሳምንት አሳደርኩበት፤ አልላቀቀም። ከዚያ በእንጨት ቁራጭ ላይ መዶሻ በማሳረፍ ሞከርኩ፤ ፒስተኑ ወረደ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን በጥልቀት ተቆፍሮ ነበር። ብሎኩ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ አራቱም ሲሊንደር 0.75 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሰፉ ተደርጓል። አዲስ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዝና የቫልቭ መቀመጫ ጨምሮ 2,350 ዶላር ወጥቷል፤ ከግዢው ቀጥሎ የፕሮጀክቱ ትልቁ ወጪ ይህ ነው።

የዘይት ፓምፑን በተመለከተ የታዘዘውና የመጣው የተለያዩ ነበሩ። የጦርነቱ ዘመን ሞተር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው በካቴና ነው፤ በኋላ የተሠሩት የሲቪል ሞተሮች ግን በጥርስ ጎማ ያዞሩታል። በካቴና ሲሆን ካምሻፍቱ ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ በጥርስ ጎማ ሲሆን በተቃራኒው ስለሚዞር፣ ፓምፑን የሚነዱት ጥርሶች ዝንባሌም ይለያያል። ሻጩ የላከው ፓምፕ በመልክ ከአሮጌው ጋር አንድ ቢሆንም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ጥርሶቹ የተጋደሙት ወደ ተለያየ ጎን ነበር። ተመልሶ ትክክለኛው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ባክኗል። ፓምፑ ዲስትሪቢውተሩንም የሚነዳ በመሆኑ፣ ከመታሰሩ በፊት አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቂያው ጫፍ ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ልኮቹ፦ የቴስታታው ብሎኖች ከ60 እስከ 70 ፓውንድ-ጫማ፣ ከመሃል ወደ ዳር፤ የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.35 ሚሊሜትር፤ የካንዴላ ክፍተት 0.75፤ የፑንቲና ክፍተት 0.5፤ የማቀጣጠል ተራው 1-3-4-2።

መጋቢት፦ የፊት አክስል

ለዚህ ክፍል በአካባቢያችን የሚኖሩ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር የጥገና ክፍል ያገለገሉ አንድ አባት እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። በ1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ወደ አገራችን የገቡትን የአሜሪካ ጂፖች በእጃቸው የፈቱ ሰው ናቸው። እኔ መመሪያ ገልጬ የምፈልገውን እርሳቸው በጣታቸው ያገኙታል።

የፊት ጎማው እየታጠፈም እየተነዳም መሄድ ስላለበት ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ላይ በኳሶች የሚሠራ መገጣጠሚያ አለ። በእኔው ላይ ያለው አራት ኳሶች በጠማማ ቦይ ውስጥ የሚንከባለሉበትና አንድ ኳስ መሃል የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። በቀኙ መገጣጠሚያ ቦይ ላይ ቀጭን ጭረት አየሁና አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ይጣላል ወይስ ይሠራል?»

«ጥፍርህን አሻግርበት፤ ከያዘህ ይጣላል፣ ካለፈ ይሠራል።»

ጥፍሬ ያዘ። ሌላ ያገለገለ ሰሚያስ በ180 ዶላር ተገዝቷል።

ከዚያ ቀጥሎ የነበረው የመሪው ጉልበት፣ ማለትም የፊት ጎማው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። በላይና በታች ባሉት ኩሽኔታዎች ሥር የሚገቡት ቀጫጭን የብረት ወረቀቶች ብዛት ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ይወስናል። ከላሉ ጎማው በመንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቁ መሪው ይከብዳል። መለኪያው የዓሣ ሚዛን ነው፦ ሚዛኑ በመሪው ክንድ ጫፍ ታስሮ ሲሳብ ክንዱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ክብደት በመመሪያው ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ወረቀቶቹን እያነሣሁና እየመለስኩ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ መጨረሻ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ሆነዋል። ቅባቱን በውስጡ የሚይዙት ከተጨመቀ ሱፍ የተሠሩ ቀለበቶች ከመታሰራቸው በፊት በዘይት እንዲርሱ ጋሼ አሳስበውኛል፤ ደረቅ ከታሰሩ ኳስ መሰሉን ብረት ይፍቁታል።

ባሌስትራዎቹን ስመልስ የግራው የፊት ባሌስትራ ከቀኙ የጠነከረ መሆኑን አስተውያለሁ። ሾፌሩ፣ መሪውና በሾፌሩ መቀመጫ ሥር ያለው 57 ሊትር የሚይዘው የቤንዚን ታንክ ሁሉ በግራ በኩል ስለሆኑ ነው። ሁለቱን ማቀያየር ተሽከርካሪውን ወደ ግራ ያዘነብለዋል፤ በመጋዘን ሳለ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ መስሎ ይታየኝ የነበረውም የቀድሞው ጠጋኝ ስላቀያየራቸው ነው።

ሚያዝያ፦ መብራትና ማስነሻ

የዚህ ጂፕ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። ሞተሪኖው ያንኑ ኃይል ለማውጣት ከ12 ቮልቱ እጥፍ ጅረት ስለሚስብ፣ ሽቦው ወፍራም መሆን አለበት። ተሽከርካሪው ላይ የተገኘው ግን የዘመናዊ መኪና ቀጭን ገመድ ነበር። በእርሱ ሲሞከር ሞተሪኖው አቃሰተ እንጂ ሞተሩን አላዞረውም፤ ገመዱም በእጅ የማይነካ እስኪሆን ሞቀ። ወፍራም የመዳብ ገመድ ገዝቼ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የመሬት ማሰሪያ ቀለሙን ፍቄ ብረት በብረት ካሰርኩት በኋላ በደንብ ዞረ። ወጪው 95 ዶላር።

የፊት መብራቶቹ አሠራር ሳላደንቀው የማላልፈው ነገር ነው። እያንዳንዱ መብራት በአንድ ባለ ክንፍ ዳዶ የታሰረ ሲሆን ዳዶው ሲላላ መብራቱ በማጠፊያው ወደ ኋላ ተገልብጦ ሞተሩን ያበራል። ሌሊት በመንገድ ዳር የሚጠግን ወታደር ሌላ መብራት አያስፈልገውም። የቀኙ ማጠፊያ ዝጎ ስለነበር አዲስ ፒን አስቆርጬለታለሁ።

ሞተሩ የተነሣው ቤንዚን ከተንጠልጣይ ጠርሙስ እየተሰጠው ነው፤ የዘይቱ ግፊት ወዲያውኑ ወጣ። በመጀመሪያው ደቂቃ ከማርሚታው የወጣው ጭስ በቶርኖ ቤት የተቀባው ዘይት ሲሆን በኋላ ጠርቷል። ቴስታታው ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ጠብቀዋል።

ግንቦት፦ ፍሬንና የመጀመሪያ የሙከራ ጉዞ

የፍሬኑ ዋና ሲሊንደር፣ የአራቱ ጎማ ሲሊንደሮችና ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ ናቸው፤ 420 ዶላር። ነፋሱ ከተባረረ በኋላም ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ስላስቸገረ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ፈትሼ፣ ወደ ኋላ በሚሄደው ቱቦ ጫፍ ላይ የተሰነጠቀ አፍ አግኝቻለሁ፤ በሞርሳ ላይ ተቆርጦ እንደገና ተከፍቷል። የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን ሳይሆን ከኃይል ማከፋፈያው ካምቢዮ ኋላ ያለውን ከበሮ የሚይዝ ስለሆነ፣ እየሄዱ መሳብ ትራስሚሲዮኑን (ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ) ይጎዳል፤ ለማቆሚያ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

የጎማዎቹ የፊት ጠበብ (ከኋላቸው ይልቅ በፊት በኩል የሚቀራረቡበት ልክ) ከ1 እስከ 2.5 ሚሊሜትር መካከል ተስተካክሏል። የሙከራ ጉዞው የተደረገው በእርሻ መንገድ ላይ፣ መጀመሪያ በሁለት ጎማ፣ ቀጥሎ በአራት ጎማና በከባድ ማርሽ ነው። በጭቃማው ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይጨነቅ ወጥቷል። ሁለተኛው ማርሽ ግን ቤንዚን ሲለቀቅ ይዘላል፤ ካምቢዮው ወርዶ የማርሽ መያዣዎቹና የዘንጉ ኩሽኔታ መታየት አለባቸው።

ሰኔ ላይ የሚጠብቀኝ ይኸው ነው፤ የካምቢዮው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ኩሽኔታ ታዝዘዋል። የሸራው ጣሪያና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይሆናሉ። የቤንዚን ታንኩ ውስጡ ስለዛገ በአዲስ ተተክቷል። እስከ ዛሬ የወጣው ጠቅላላ ወጪ ከግዢው ውጪ ከ4,500 ዶላር በላይ ሲሆን፣ ተሽከርካሪው ደግሞ ሲገዛ ከነበረው በ38 ኪሎ ግራም ቀሏል።